ዲፕሎማሲ በ1648 አልተወለደም፦ ስለ ዌስትፋሊያ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ያነበበው አንድ ጽሑፍ የዲፕሎማሲን ታሪክ ከ1648 ይጀምራል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው እንደሚሉት ከዚያ በፊት የነበሩ ነገሥታት የሚያውቁት ማስገበርን ወይም መገበርን ብቻ ነበር። የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ 2ኛ በሶርያ ቃዴስ ድል ነሥቶ በዛሬዋ ቱርክ በነበሩት በኬጢያውያን ላይ የጫነው ውል የዓለም የመጀመሪያው ውል ነው፤ ቻይና ጎረቤቶቿን የምታውቃቸው በግብር ብቻ ነው፤ አፍሪካም ከዲፕሎማሲ ጋር የተዋወቀችው አውሮፓውያን ሲመጡ ነው። ከዚያ በኋላ በ1648 በአውሮፓ የ30 ዓመቱን ጦርነት የዘጋው የዌስትፋሊያ ሰላም ሉዓላዊነትን፣ የመንግሥታትን እኩልነት፣ ጣልቃ አለመግባትንና ቋሚ ኤምባሲን በአንድ ጊዜ ፈጠረ። በመጨረሻም ጸሐፊው የዲፕሎማቶች ከለላ ወንጀለኛ የሚሸሸግበት አዲስ የምዕራባውያን ወግ ስለሆነ ይሻር ይላሉ።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የቀረበ በመሆኑ አንባቢን በቀላሉ ያሳምናል። ዋና ዋና ነጥቦቹ ግን በዘመኑ ከተጻፉት ሰነዶች ጋር ይጋጫሉ። ሰነዶቹም የጠፉ አይደሉም፤ በሸክላ፣ በድንጋይና በፓፒረስ ላይ ተጽፈው እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

«ጥንታውያን ነገሥታት እኩያ አያውቁም ነበር»

በ1887 በግብፅ ቴል ኤል አማርና ከተባለው ፍርስራሽ የወጡት የሸክላ ጽላቶች ለዚህ አባባል ብቻቸውን በቂ ምላሽ ናቸው። እስካሁን የሚታወቁት 380 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ዘመናቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 14ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአሜንሆቴፕ 3ኛና የልጁ የአኬናተን ዘመን ነው። ከጥቂቶቹ በቀር የተጻፉት በግብፅ ቋንቋ ሳይሆን በባቢሎን ይነገር በነበረው በአካድኛ ነው። በዘመኑ በወርቅ ሀብቱ አቻ ያልነበረው ፈርዖን ለውጭ ነገሥታት የሚጽፈው በሰው አገር ቋንቋና በሰው አገር ፊደል ነበር፤ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ጸሐፍትም ነበሩት። ማስገበር ብቻ የሚያውቅ ንጉሥ ይህን ያህል ባልደከመ ነበር።

ደብዳቤዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የሚበዙት ከከነዓንና ከሶርያ ገባር ገዢዎች የመጡ ናቸው፤ እነዚህ «ከጌታዬ ከንጉሡ እግር በታች ሰባት ጊዜ፣ ደግሞም ሰባት ጊዜ እወድቃለሁ» እያሉ ይጽፋሉ። ጸሐፊው የገለጹት ይህን ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል ከባቢሎን፣ በሰሜን ሶርያ ከነበረው ከሚታኒ፣ ከአሦር፣ ከኬጢያውያን አገርና ከአላሺያ (ከቆጵሮስ) የመጣው ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ላኪው ፈርዖንን «ወንድሜ» ይለዋል። አቀራረባቸውም ሥርዓት ያለው ነው። መጀመሪያ ላኪው ደኅና መሆኑን ይናገራል፤ ቀጥሎ ለተቀባዩ ቤት፣ ለሚስቶቹ፣ ለልጆቹ፣ ለመኳንንቱ፣ ለፈረሶቹና ለሠረገሎቹ ሰላም ይመኛል፤ ከዚያ ጉዳዩን ያነሣል፤ በመጨረሻ የላከውን ገጸ በረከት ይቆጥራል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ተቀባዩ በሚቀጥለው ደብዳቤ ቅሬታውን ያሰማል። የባቢሎኑ ቡርናቡርያሽ ታምሞ ሳለ ፈርዖን አልጠየቀኝም ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ የተረጋጋው የግብፅ መልእክተኛ መንገዱ ሩቅ በመሆኑ ወሬው በቶሎ እንደማይደርስ ሲነግረውና የራሱም መልእክተኛ ይህንኑ ሲያረጋግጥለት ነው።

የእነዚህ ደብዳቤዎች ትልቁ ዋጋ አሠራሩ የት ላይ ይበላሽ እንደነበር ማሳየታቸው ነው። ወርቁን እንውሰድ። ቡርናቡርያሽ 20 ሚና ወርቅ ደረሰልኝ ይላል፤ አንድ ሚና ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሆነ ይህ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። እቶን ውስጥ ሲገባ ግን የወጣው 5 ሚና እንኳ አልሞላም። ስለዚህ በሌላ ደብዳቤው መፍትሔ ያቀርባል፦ ወንድሜ ወርቁን ለሹም አይተውው፤ ራሱ አይቶ፣ ራሱ አትሞ ይላክልኝ። ከእርሱ በፊት የነበረው ካዳሽማን ኤንሊልም መልእክተኛዬን ስድስት ዓመት አስቀምጠህ ብር የሚመስል 30 ሚና ወርቅ ላክህልኝ ብሎ ጽፏል። የአሦሩ አሹር ኡባሊት ደግሞ መልእክተኞቼ ለምን ፀሐይ ላይ ቆመው ይሞታሉ ብሎ ይጠይቃል።

መልእክተኛን የሚጠብቅ ሰነድም አለ። የሚታኒ ንጉሥ ለከነዓን ገዢዎች በጻፈው አጭር ጽላት መልእክተኛው አኪያ ወደ ግብፅ በፍጥነት እየሄደ ስለሆነ ማንም እንዳያቆየው፣ ማንም እጅ መንሻ እንዳይጠይቀው፣ በደኅና ለግብፁ የምሽግ አዛዥ እንዲያስረክቡት ያዝዛል። ዛሬ የይለፍ ደብዳቤ የምንለው ይኸው ነው። ስለ ካሳም ቢሆን አሠራሩ ግልጽ ነበር፦ የባቢሎን ነጋዴዎች በከነዓን ሲገደሉ ቡርናቡርያሽ ገዳዮቹን በስም ጠቅሶ፣ ከነዓን ያንተ አገር ነው፣ ነገሥታቱም አገልጋዮችህ ናቸው፣ ስለዚህ የተዘረፈውን ገንዘብ አንተ ትከፍላለህ፣ ገዳዮቹንም ትቀጣለህ ብሏል። አንድ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ በውጭ ዜጋ ላይ ለደረሰ በደል ተጠያቂ ነው የሚለው መርሕ ከዌስትፋሊያ 3000 ዓመት ቀድሞ በሸክላ ላይ ተጽፏል።

የእውቅና ክርክርም ነበር። አሹር ኡባሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግብፅ ሲጽፍ አንድ ሠረገላ፣ ሁለት ፈረሶችና አንድ የላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ልኮ፣ አባቶቼ እስከ ዛሬ አልጻፉም፣ እኔ ግን ጽፌአለሁ ይላል። ቡርናቡርያሽ ይህን ሲሰማ አሦራውያን የእኔ ተገዢዎች ናቸው፣ ማን ፈቀደላቸው፣ ባዶ እጃቸውን ስደዳቸው ብሎ ለፈርዖን ጻፈ። አሦር ግን ብዙ ሳይቆይ ለፈርዖን «ወንድሜ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። አንድ አዲስ መንግሥት ከታላላቆቹ ተራ እንዴት እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

«ራምሴስ ድል ነሥቶ የጫነው የመጀመሪያው ውል»

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ገብቷል።

አንደኛ፣ የቃዴስ ጦርነት የተካሄደው በ1274 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ ውሉ የተፈረመው ደግሞ በራምሴስ 21ኛ የንግሥ ዓመት፣ በ1259 ነው። በመካከሉ 15 ዓመት አለ። ሁለተኛ፣ ራምሴስ በቤተ መቅደሶቹ ግድግዳ ላይ ድሉን ቢያስቀርጽም ከተማዋን ቃዴስን አልያዘም፤ ከጦርነቱ በኋላ ቃዴስና አሙሩ በኬጢያውያን እጅ ነበሩ። ሦስተኛ፣ ውሉ የመጀመሪያው አይደለም። በዛሬዋ ኢራቅ የነበረችው የላጋሽ ከተማ ገዢ ኤንመቴና ከጎረቤቱ ከኡሩክ ንጉሥ ጋር ያደረገውን የወንድማማችነት ስምምነት በሸክላ ምስማሮች ላይ ያስጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 ገደማ ነው፤ ኤብላና አባርሳል የተባሉት ጥንታውያን መንግሥታትም በ24ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ስለ ወሰንና ስለ ንግድ የተዋዋሉበት ጽላት አለ። ሁለቱም ከቃዴሱ ውል ከ1000 ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ውስጥ የተሰቀለው ቅጂ ቱርክ በ1970 ያበረከተችው ነው፤ «የመጀመሪያው ውል» የሚለው ወሬ እንዲስፋፋ እርሱም ሳይረዳ አልቀረም።

ውሉን ያስገኘው የሁለቱ ወገኖች ችግር ነበር። የኬጢያውያን ንጉሥ ሐቱሲሊ 3ኛ ዙፋኑን የያዘው የወንድሙን ልጅ ኡርሂ ተሹብን አውርዶ ነው፤ ከዙፋኑ የወረደው ንጉሥ ደግሞ ሸሽቶ ግብፅ ገባ። በምሥራቅ አሦር የሚታኒን ቅሪት ዋጠች። ሐቱሲሊ ዙፋኑን የሚያጸናለት ሌላ ታላቅ ንጉሥ አስፈለገው፤ ራምሴስም ሰሜናዊ ድንበሩ ጸጥ እንዲል ፈለገ። የውሉ አንቀጾች ይህን ያንጸባርቃሉ። ሁለቱ አንዳቸው ሌላውን አይወሩም፤ ሦስተኛ ወገን ቢነሣ ይረዳዳሉ፤ የሐቱሲሊ ዘር በዙፋኑ እንዲቀጥል ግብፅ ትደግፋለች፤ ሸሽቶ የመጣ ሰው ለአገሩ ይመለሳል።

በሸሹት ሰዎች ላይ የተጻፈው አንቀጽ በተለይ ሊነበብ ይገባዋል። የሚመለሰው ሰው ቤቱ፣ ሚስቶቹና ልጆቹ እንዳይነኩ፣ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ አፉና እግሩ እንዳይጎዳ በዝርዝር ተደንግጓል። አሳልፎ መስጠትንና ምሕረትን በአንድ አንቀጽ ማሰር ዛሬም በብዙ ውሎች የማይገኝ ጥንቃቄ ነው። የጎደለውም አለ፤ ውሉ ወሰኑ የት እንደሆነ አይናገርም። ምናልባት አልተስማሙም፤ ምናልባትም ሁለቱም ያለውን ይዞታ በዝምታ ማለፍ መርጠዋል።

ውሉ በብር ጽላት ላይ ተቀርጾ ተለዋውጧል። የብሩ ጽላት አልተገኘም፤ የግብፁ ቅጂ በካርናክና በራሜሴዩም ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ የኬጢያውያኑ የሸክላ ቅጂ በ1906 ከዋና ከተማቸው ከሐቱሳ ፍርስራሽ ወጣ። የግብፁ ጽሑፍ በብሩ ጽላት ላይ የነበሩትን ማኅተሞች ሲገልጽ የሐቱሲሊን ሚስት የንግሥት ፑዱሔፓንም ማኅተም ይጠቅሳል። በድል የተጫነ ውል ቢሆን ኖሮ የተሸናፊው ንግሥት ማኅተም በግብፅ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ባልተወሳ ነበር። ይህችው ንግሥት ከዓመታት በኋላ ለራምሴስ የምትሰጠው ልጇ ጥሎሽ ለምን ዘገየ ተብላ ስትጠየቅ የኬጢያውያን ግምጃ ቤት መቃጠሉን ጠቅሳ በቀጥታ ለፈርዖን መልስ ጽፋለች።

«ቻይና ከግብር ሌላ አታውቅም»

ይህ በአጭሩ ይመለሳል። በ1005 የሶንግ ሥርወ መንግሥትና በሰሜን የነበረው የልያው መንግሥት በቻንዩዋን ተዋዋሉ። በየዓመቱ 100,000 ልያንግ (የቻይና የክብደት መለኪያ) ብርና 200,000 ጥቅል ሐር የሚሰጠው ቻይናዊው ንጉሠ ነገሥት ነበር፤ ማለትም ክፍያው የሚፈሰው ጸሐፊው ከሚሉት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሁለቱ ንጉሠ ነገሥታት በወንድምነት ይጠራሩ ነበር፤ ለአዲስ ዓመትና ለልደት በዓል መልእክተኞች ይለዋወጡ ነበር፤ በድንበር ላይ የተከፈቱት ገበያዎች የሚያስገቡት ትርፍም ለሶንግ ግምጃ ቤት ክፍያውን ያቃልልለት ነበር። በ1042 ክፍያው ወደ 200,000 ልያንግና 300,000 ጥቅል ከፍ አለ። ሰላሙ ከ110 ዓመት በላይ ቆየ። የፈረሰው ሶንግ በ1120 ጁርቸን ከተባሉት የሰሜን ምሥራቅ ሕዝቦች ጋር በልያው ላይ ስለተማማለ ነው፤ ልያው በ1125 ወደቀች፤ በ1127 እነዚያው ጁርቸኖች የሶንግን ዋና ከተማ ካይፈንግን ያዙ።

«አፍሪካ ዲፕሎማሲን ከአውሮፓውያን ተማረች»

ይህ ነጥብ ለእኛ አንባቢ በጣም ቅርብ ነው፤ ስለዚህም በጣም ያሳዝናል። በ356 ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ 2ኛ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ የምንላቸው፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሰው በአርዮሳዊው ጳጳስ በጊዮርጊስ እንዲመረመሩ ጠይቋል። ደብዳቤው የተረፈልን ቅዱስ አትናቴዎስ ለራሱ መከላከያ በጻፈው ውስጥ ስላስገባው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የአክሱምን ነገሥታት ወንድሞች ብሎ ይጠራቸዋል። ትእዛዝ መስጠት ስለማይችል ለማሳመን ይሞክራል፤ ፍሬምናጦስም በመንበራቸው ቆዩ።

ከ170 ዓመት በኋላ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ በ531 ገደማ መልእክተኛውን ዩልያኖስን ወደ አክሱም ልኮ የሐር ንግድን ከፋርስ እጅ ለማውጣት ሐሳብ አቀረበ፤ አክሱማውያን ሐሩን ከሕንድ ገዝተው ለሮማውያን ይሽጡ፣ ሁለቱም ይጠቀሙ የሚል ነበር። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ሐሳቡ የከሸፈበትን ምክንያት ጽፎታል። የሕንድ መርከቦች መጀመሪያ የሚያርፉባቸው ወደቦች ለፋርስ ቅርብ ስለነበሩ የፋርስ ነጋዴዎች ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበር። ከሒምያር (ከዛሬዋ የመን) በፋርስ ላይ እንዲደረግ የተጠየቀው የየብስ ዘመቻም ረጅም በረሃ አቋርጦ ከተዋጊ ሕዝብ ጋር መግጠም ስለነበር አልተሞከረም። ውሉ በመልካም ፈቃድ ተጀምሮ በጂኦግራፊ ተሸነፈ። ወደ እነዚህ አገሮች ከተላኩት ሌላው ኖኖሶስ ነው፤ አባቱም አያቱም የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኞች ነበሩ። ከአረቦችና ከአክሱም ጋር የሚደረገው ግንኙነት በአንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ የያዘው ሙያ ነበር ማለት ነው።

ወደ ኑብያ ስንሄድ ደግሞ ከዌስትፋሊያ ቀድሞ ለ600 ዓመት ያህል የሠራ ውል እናገኛለን። በ652 የግብፅ አረብ ገዢ የኑብያውን የማኩሪያ መንግሥት ዋና ከተማ ዶንጎላን ከቦ መያዝ ስላልቻለ ከማኩሪያ ጋር «ባቅት» የሚባለውን ስምምነት አደረገ። ኑብያ በየዓመቱ 360 ባሪያዎች ትሰጣለች፤ ግብፅ እህልና ሌላ ስንቅ ትመልሳለች። ይዘቱ ለሰው ልጅ የሚያኮራ አይደለም፤ አሠራሩ ግን የውል አሠራር ነው። በኑብያ ቃስር ኢብሪም በተባለው ምሽግ በቁፋሮ የተገኘው የ758 የአረብኛ ደብዳቤ የግብፅ ገዢ ለኑብያ ንጉሥ የላከው ሲሆን የጎደለውን ክፍያና የታሰሩ ነጋዴዎችን እየጠቀሰ ውሉን አላከበርክም ይላል። ውዝፉ በበዛ ጊዜ የማኩሪያው ልዑል ጊዮርጊስ በ836 ባግዳድ ድረስ ሄዶ ከኸሊፋው ጋር ተነጋገረ፤ ክፍያው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲሆንም አስወሰነ።

«ዌስትፋሊያ ሉዓላዊነትን ፈጠረ»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዌስትፋሊያ ሰላም የሚባለው አንድ ውል አይደለም። በጥቅምት 24 ቀን 1648 የተፈረሙ ሁለት ውሎች ናቸው፤ የጀርመን መሳፍንት ያሉባት የቅድስት የሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ 3ኛ ከስዊድን ጋር የተዋዋለበት የኦስናብሩክ ውልና ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋለበት የሙንስተር ውል። ስፔንና ሆላንድ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለብቻቸው ፈርመዋል። ስፔንና ፈረንሳይ ግን አልታረቁም፤ እስከ 1659 ተዋጉ።

ሁለት ከተማ ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። የሮማው ጳጳስ (የፖፑ) ልዑክ ፋቢዮ ኪጂ ከፕሮቴስታንቶች ጋር አልቀመጥም አለ፤ ፈረንሳይና ስዊድንም ማን ይቅደም በሚለው አልተስማሙም። ስለዚህ በ1641 በሐምቡርግ የተደረገው ቅድመ ስምምነት 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁትን ሁለቱን ከተሞችና በመካከላቸው ያለውን መንገድ ገለልተኛ አደረገ፤ ጉባኤውም እንደ አንድ እንዲቆጠር ተወሰነ። ሁሉም ልዑካን በአንድ አዳራሽ የተቀመጡበት ቀን የለም። በሙንስተር ሥራው የሚሄደው በሽማግሌዎች፣ በኪጂና በቬኒሱ አልቪዜ ኮንታሪኒ በኩል፣ ወረቀት ከቤት ወደ ቤት እየተመላለሰ ነበር። ተኩስ አቁም ስላልነበረ ሐሳቦቹ ከጦር ሜዳው ወሬ ጋር ይለዋወጡ ነበር፤ ስዊድኖች የፕራግን አንድ ክፍል የያዙት በሐምሌ 1648፣ ፊርማው ሦስት ወር ሲቀረው ነው።

አሁን ጽሑፉን ራሱን እንክፈት። መንግሥታት ሁሉ እኩል ናቸው የሚል አንቀጽ የለም። ጣልቃ አለመግባት የሚልም የለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ውሉን የሚጥስ ቢኖር መጀመሪያ በሽምግልና ወይም በሕግ ይሞከራል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልተፈታ ተዋዋዮች ሁሉ ከተበዳዩ ጋር ሆነው መሣሪያ የማንሣት ግዴታ አለባቸው። በዚህም ፈረንሳይና ስዊድን በጀርመን የውስጥ ጉዳይ ዋስ ሆነው ጣልቃ የመግባት ሕጋዊ በር አገኙ። ስዊድን ከዚህም አልፋ ለያዘቻቸው የጀርመን ግዛቶች በንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤት ወንበር አገኘች።

የጀርመን መሳፍንት ከውጭ ጋር የመዋዋል መብት አገኙ የሚለው እውነት ነው፤ ጸሐፊው ግን ገደቡን ትተውታል። መሳፍንቱ የሚዋዋሉት ውል በንጉሠ ነገሥቱ፣ በግዛቱና በዚሁ ሰላም ላይ እንዳይሆን ተደንግጓል። በሃይማኖት በኩል የመሳፍንቱ ሥልጣን ጠበበ እንጂ አልሰፋም። ጥር 1 ቀን 1624 መለኪያ ቀን ሆኖ ተወሰነ፤ በዚያ ዓመት የአንድ ሃይማኖት አምልኮ በነበረበት ቦታ ገዢው ሃይማኖቱን ቢለውጥም ሕዝቡን ማስለወጥ አይችልም። ይህ የገዢን እጅ የሚያስር የውጭ ዋስትና ያለው ሕግ ነው፤ የትኛውም የሉዓላዊነት ትርጉም ከዚህ ጋር በቀላሉ አይገጥምም። ቅድስት የሮማ ግዛትም በ1648 አልፈረሰችም፤ ፍርድ ቤቶቿና ምክር ቤቷ እስከ 1806 ቆይተዋል።

ዌስትፋሊያ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። 30 ዓመት የፈጀ ጦርነትን ዘጋ፤ ከዚያም በላይ አፈጻጸሙን በጥንቃቄ አሰናዳ። ወታደር ደመወዙን ሳይቀበል እንደማይበተን ስለታወቀ ለስዊድን ጦር 5 ሚሊዮን ታለር (የዘመኑ የብር ገንዘብ) ተመደበ፤ ክፍያው በዙር ሲፈጸም ምሽጎች በዙር እንዲለቀቁ በኑረምበርግ እስከ 1650 የዘለቀ ሌላ ጉባኤ ተቀመጠ። ጸሐፊው ስለዚህ ጉባኤ አንድ መስመር አልጻፉም፤ እኛ ግን ከፊርማው ይልቅ ይህ ይበልጥ ይጠናል እንላለን። ፊርማው ቢኖርና ገንዘቡ ባይገኝ ያልተከፈለው ሠራዊት አገሩን መልሶ ይዘርፍ ነበር። «የዌስትፋሊያ ሥርዓት» የሚለው አነጋገር በዛሬው ትርጉሙ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ ከ300ኛ ዓመቱ ከ1948 ወዲህ ነው።

«ቋሚ ኤምባሲና የመንግሥታት እኩልነት ከ1648 መጡ»

ቋሚ ልዑክ የኢጣልያ ከተሞች ሥራ ነው። ኒኮዴሞ ትራንኬዲኒ በኋላ የሚላን መስፍን የሆነው የፍራንቸስኮ ስፎርዛ መልእክተኛ ሆኖ በፍሎረንስ ከ1440ዎቹ ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ተቀምጧል። ከሎዲ ሰላም፣ ከ1454 በኋላ ልማዱ በኢጣልያ ሁሉ ተሰራጨ። ቬኒስማ ገና በ1268 አምባሳደሮቿ የተቀበሉትን ስጦታ ለመንግሥት እንዲያስረክቡ ሕግ አውጥታለች።

እኩልነትን በተመለከተ ለንደን፣ 1661። የስዊድን አምባሳደር ሲገባ የፈረንሳይና የስፔን ሠረገሎች ማን ይቅደም በሚል ጎዳና ላይ ተጋጠሙ፤ ሰዎችም ፈረሶችም ሞቱ። ስፔናውያኑ ቀድመው ተዘጋጅተው ነበር፤ የፈረሶቻቸው ልጓምና ማሰሪያ እንዳይቆረጥ ከቆዳው ሥር የብረት ሰንሰለት አስገብተውበት ስለነበር ቀደሙ። ሉዊ 14ኛ በጦርነት ስለዛተ በ1662 የስፔን አምባሳደር በይፋ ከእንግዲህ በቅድሚያ አንከራከርም ብሎ ተናገረ። ከዌስትፋሊያ 13 ዓመት በኋላ የመንግሥታት «እኩልነት» ይህን ይመስል ነበር። ጥያቄው የተፈታው በቪየና በመጋቢት 19 ቀን 1815 በወጣው ደንብ ነው፤ ልዑካን በሦስት ማዕረግ ተከፈሉ፤ በየማዕረጉ የሚቀድመው የታላቅ ንጉሥ ልዑክ ሳይሆን መድረሱን ቀድሞ በይፋ ያሳወቀው ሆነ። በአንድ ቀላል የቀን መዝገብ ለዘመናት ደም ያፋሰሰ ክርክር ተዘጋ። ዛሬም በብዙ ዋና ከተሞች የአምባሳደሮች አንጋፋ የሚታወቀው በዚሁ አሠራር ነው።

«ከለላ አዲስ የምዕራባውያን ወግ ነው፤ ይሻር»

አዲስም አይደለም፤ የምዕራባውያን ብቻም አይደለም። ስፓርታውያን የዳርዮስን መልእክተኞች ጉድጓድ ውስጥ ከጣሉ በኋላ፣ ሄሮዶቶስ እንደሚነግረን፣ ሁለት መኳንንት ለሞት ካሳ እንዲሆኑ ወደ ፋርስ ላኩ፤ ክሴርክስ ግን እናንተ ያፈረሳችሁትን የሰው ልጆች ሕግ እኔ አላፈርስም ብሎ መለሳቸው። በ1218 በመካከለኛው እስያ የነበረው የኸዋሪዝም መንግሥት ገዢ (ሻህ) የጄንጊስ ካንን ዋና መልእክተኛ አስገደለ፤ በ1219 የሞንጎል ጦር መጣ፤ በ1221 የሻህ መንግሥት አልነበረም። በለንደን በ1708 የሩሲያው አምባሳደር ማትቬዬቭ በዕዳ መንገድ ላይ ሲያዝ ታላቁ ጴጥሮስ ያዣዎቹ እንዲቀጡ ጠየቀ፤ ፓርላማው የአምባሳደሮችን ከለላ የሚደነግግ ሕግ አወጣ፤ ንግሥት አንም በልዩ መልእክተኛ ይቅርታ ጠየቀች።

ከለላው ወንጀለኛን ነጻ ያወጣል የሚለው ክስ ግማሽ እውነት ነው፤ የ1961ዱ የቪየና ስምምነት ግን ለዚህ መውጫ አዘጋጅቷል። በ9ኛው አንቀጽ ተቀባዩ አገር ምክንያት ሳይሰጥ ዲፕሎማቱን ያባርራል። በ31ኛው ዲፕሎማቱ ከአገሩ ፍርድ ቤት አያመልጥም። በ32ኛው ላኪው መንግሥት ከለላውን ያነሣል፤ ጆርጂያ በ1997 በዋሽንግተን በመኪና ሰው የገደለውን ዲፕሎማቷን ከለላ አንሥታ ተፈርዶበታል። በ27ኛው የዲፕሎማቲክ ሻንጣ የሚከበረው በላዩ የሚታይ ምልክት ሲኖረው ነው። በሐምሌ 1984 የቀድሞው የናይጄሪያ ሚኒስትር ኡማሩ ዲኮ ተጠልፎ፣ ራሱን ስቶ በሣጥን ታሽጎ ከለንደን ሊወጣ ሲል የስታንስቴድ ጉምሩክ ሣጥኑን የከፈተው ምልክቱና ወረቀቱ እንደ ሕጉ ስላልተሟላ ነው። ደንቡን በትክክል ማንበብ የሰው ሕይወት አዳነ።

የኤምባሲ ግቢ አይደፈርም የሚለው 22ኛው አንቀጽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ ከፍተኛ ባለሥልጣናቱ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢጣልያ ኤምባሲ ተጠለሉ። ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ በሌሉበት ተከሰው በ2008 ሞት ተፈረደባቸው። ኢጣልያ የሞት ፍርድ የሚጠብቀውን ሰው አሳልፌ አልሰጥም አለች፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም፣ ግቢው በገዛ ከተማው መሃል ሆኖ፣ በሩን አልሰበረም። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ በ2020 መጨረሻ ፍርድ ቤት እንዲወጡ እስኪፈቅድ ድረስ ሁለቱ ከ29 ዓመት በላይ በዚያ ግቢ ቆዩ። ጸሐፊው ከለላው ይሻር ሲሉ ይህ በር ይሰበር ነበር ማለታቸው ነው፤ ያን ቢያደርጉ በሮም ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በር በየትኛው ሕግ እንደሚጠበቅ አልነገሩንም።